ለጉንፋን የማይበጀው፣ ለሳንባ ምች ግን የሚያስፈልገው መድኃኒት

የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገደኛ፣ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ብርድ ተነሥቶ 1 ሺህ 300 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው የይፋት ቆላ ይደርሳል። ጉንፋን ግን ደጋና ቆላ አይመርጥም። እንደ ሌሎች የአገራችን አካባቢዎች ሁሉ፣ ሳል የጀመረው ሰው ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጡ የተለመደ ሆኗል።

ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ሲሆን አሞክሳሲሊን የሚያጠቃው ባክቴሪያን ነው። አብዛኛው ሕመምተኛ ከ7 እስከ 10 ባሉት ቀናት ያለ መድኃኒት ያገግማል። በሦስተኛው ቀን ካፕሱል የጀመረ ሰው በሰባተኛው ቀን ሲሻለው ምስጋናው ለካፕሱሉ ይሆናል፤ ልማዱን ያጸናውም ይኸው ነው። የንፍጥ መወፈርና ቢጫ መሆንም ብቻውን የባክቴሪያ ምልክት አይደለም። በዳማከሴና በዝንጅብል ሻይ ሳምንቱን ያሳለፈ ሰው ቢያንስ ባክቴሪያን ከመድኃኒት ጋር አላላመደም።

መላመዱ የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በዓለም ላይ ለ1.27 ሚሊዮን ሰዎች ሞት ቀጥተኛ ምክንያት እንደነበሩ ተገምቷል። አሞክሳሲሊን ደግሞ የሕፃናት የሳንባ ምች ዋነኛ መድኃኒት ነው። በጤና ኬላ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የሚያስል ሕፃን ስታይ አተነፋፈሱን ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ትቆጥራለች። ከ2 እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን አተነፋፈስ ይባላል፤ መድኃኒቱም ያስፈልጋል። መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው ሕፃን በአስቸኳይ ወደ ሕክምና መወሰድ አለበት።

በቆላው ትኩሳት ሲታከልበት ወባ ሊሆን ስለሚችል የደም ምርመራ ይቀድማል። በባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም በአግባቡ ካልታከመም ለልብ ሕመም ሊዳርግ ይችላል። ስለዚህ መልእክቱ «መድኃኒት አትውሰዱ» ሳይሆን «ሳትመረመሩ አትውሰዱ» ነው።

አገሪቱ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አላት፤ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶችም በሐኪም ማዘዣ የሚሸጡ ናቸው። ችግሩ ያለው አፈጻጸሙ ላይ ነው። አንድ የመድኃኒት ባለሙያ ብቻውን እምቢ ቢል ደንበኛው ወደ ጎረቤት መደብር ይሻገራል፤ ቁጥጥሩ ሁሉንም መደብሮች በእኩል ካልነካ ሕግ አክባሪው ገበያውን ያጣል። ጤና ጣቢያ ሩቅ የሆነበት ወይም ወረፋ የሚረዝምበት ሰውም የሚሄደው ቅርብ ወዳለው ነው።