የወረዳ ምክር ቤቱንና ፖሊስን ከሐምሌ በፊት እናገናኝ

ለአዲስ አበባ ነዋሪዎች፣ ለዕድርና ለኮንዶሚኒየም ማኅበር አመራሮች፣ ለወረዳ ምክር ቤት አባላትና ለፖሊስ ጣቢያ ኃላፊዎች የቀረበ ጥሪ

ከምሽቱ 2 ሰዓት ከታክሲ ወርዶ ወደ ሰፈሩ የሚገባ ሰው የቱ ጋ እርምጃውን እንደሚያፈጥን ያውቃል። ዋናው መንገድ በኮሪደር ልማቱ ደምቋል፤ ወደ ውስጥ ታጠፍ ሲሉ ግን ምሰሶው አለ፣ አምፖሉ አይበራም። በአንድ በኩል ግንባታው የቆመ ሕንጻ የቆርቆሮ አጥር፣ በሌላ በኩል ክዳኑ የተሰረቀ ማንሆል። ስልክ ነጣቂው የሚያደፍጠው እዚያ ነው። ሰፈርተኛው ያውቃል፤ የጣቢያው ፖሊስም ያውቃል።

ነጣቂውን መያዝ የፖሊስ ሥራ ነው። አምፖል መቀየር፣ አጥሩን ከእግረኛ መንገድ ማንሳት፣ ማንሆሉን ማስከደን ግን የአስተዳደሩና የአገልግሎት ሰጪ መሥሪያ ቤቶች ድርሻ ነው። አስፈጻሚውን ጠርቶ «ለምን አልተሠራም?» ማለት ደግሞ የምክር ቤት ሥራ ነው። ወንጀሉ የትና ስንት ሰዓት እንደሚፈጸም ፖሊስ ያውቃል፤ የመጠየቅ ሥልጣኑ ያለው ምክር ቤቱ ጋ ነው። ሁለቱ ካልተገናኙ ፖሊስ እዚያው ቦታ ሌላ ነጣቂ ሲያሳድድ ይኖራል።

የሰፈር መረጃ ከታች ተሰብስቦ ካልወጣ ከላይ የሚወርደው መፍትሔ ጅምላ ይሆናል። በ2011 ዓ.ም. ከተማዋ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴን ስታግድ ከምክንያቶቹ አንዱ በሞተር የሚፈጸም ንጥቂያ ነበር። እገዳው ግን ቀማኛውን ብቻ ሳይሆን በሞተሩ ዕቃ እያደረሰ የሚያድረውንም ነካ።

ስለዚህ የሚከተለውን እንድናደርግ እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ ዕድራችሁ ወይም ማኅበራችሁ በሚቀጥለው ስብሰባው ግማሽ ሰዓት መድቦ የሚያስፈሩትን ቦታዎች በዝርዝር ይጻፍ። «ሰፈራችን ጸጥታ የለውም» የሚል ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ይቀራል። «ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ወፍጮ ቤቱ ሦስት አምፖል አይበራም» የሚለው ግን መልስ ይፈልጋል። እንደ ቦሌ አራብሳ ባሉ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ገና በሚተዋወቅባቸው ሰፈሮች የብሎክ ኮሚቴዎች ይህን ይጀምሩ።

ሁለተኛ፣ ዝርዝሩ ለወረዳው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ በደብዳቤ ይግባ፤ ግልባጩ ለፖሊስ ጣቢያው ኃላፊና ለወረዳው ሰላምና ጸጥታ ጽሕፈት ቤት ይድረስ። መዝገብ ቤት ቁጥር ሳያሰጡና የራስን ቅጂ ማኅተም ሳያስመቱ መመለስ የለም።

ሦስተኛ፣ የተነጠቀ ሰው ያመልክት። «ምን ያመጣል?» ብለን ያለፍነው ንጥቂያ በጣቢያው መዝገብ ላይ የለም፤ ቅኝት የሚመደበውም መዝገብ ታይቶ ነው። ዛሬውኑ ስልካችሁ ላይ *#06# ጻፉና የሚመጣውን መለያ ቁጥር ወረቀት ላይ አስፍራችሁ ቤት አስቀምጡ። የተያዘው ስልክ የእናንተ መሆኑን ለማሳየት ይጠቅማችኋል። ወንጀል ሲፈጸም ካያችሁ በአዲስ አበባ ፖሊስ ነጻ መስመር 991 ደውሉ።

አራተኛ፣ ያየነውን እንመስክር። «ዛሬ ያስሩታል፣ ነገ ይፈቱታል» እያልን እናማርራለን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ተበዳዩ ቃሉን ካልሰጠና ያየ ሰው ካልቀረበ መርማሪው ባዶ እጁን ዳኛ ፊት ይቆማል። ተጠርጣሪን ከብቦ መደብደብ ደግሞ ፍትሕ አይደለም፤ ደብዳቢውን ራሱን ወንጀለኛ ያደርገዋል።

የምክር ቤት አባላት ሆይ፣ በየሩብ ዓመቱ ለነዋሪ ክፍት የሆነ አንድ ጉባኤ ጥሩ። የጣቢያው ኃላፊ የሰው ስም ሳያነሳ የትኛው ቦታ፣ በየትኛው ሰዓት፣ ምን ዓይነት ወንጀል እንደበዛ ያቅርብ። የመንገድ፣ የውሃ፣ የመብራትና የደንብ ማስከበር ኃላፊዎች ተጠርተው ቀን ቆርጠው ይመለሱ፤ የሚቀጥለው ጉባኤ የመጀመሪያ አጀንዳም ያ ቃል መፈጸም አለመፈጸሙ ይሁን።

የፖሊስ ኃላፊዎች ሆይ፣ የወረዳ ምክር ቤት አዛዣችሁ አይደለም፤ እናንተ የራሳችሁ የዕዝ ሰንሰለት አላችሁ። በሕዝብ ፊት መጠየቅን ግን እንደ ጣልቃ ገብነት አትዩት። አምፖሉ ሲበራ የሚቀለው የእናንተ የሌሊት ተረኛ ሥራ ነው።

አንድ ነገር ሳንሸፋፍን እንበል። ብዙ ሰው ከሰፈር ስብሰባ የሚሸሸው «ማን ምን አለ» ወደሚባልበት መድረክ እንዳይለወጥ ፈርቶ ነው። ስለዚህ አጀንዳው ቦታና ድርጊት ብቻ ይሁን። የነዋሪው አመለካከት፣ ብሔር ወይም ሃይማኖት ከተነሳ ሰብሳቢው እዚያው ያስቁም፤ ካላስቆመ ተሰብሳቢው ያስቁመው።

ሐምሌ 1 አዲሱ የበጀት ዓመት ይጀምራል፤ ክረምቱም አብሮ ይገባል። ከበጀት በኋላ የሚደርስ ደብዳቤ «በዕቅድ አልተያዘም» ተብሎ ይመለሳል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ዝርዝሩ በግንቦት የዕድር ስብሰባ ተዘጋጅቶ ወሩ ሳያልቅ ወረዳው ይግባ። በሰኔም ከየዕድሩ ሁለት ሰው ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ይዞ አፈ ጉባኤው ዘንድ ይሂድና መልሱን ይጠይቅ።