ላይክ ከማድረጋችሁ በፊት ጥርሱን ቁጠሩ

ቪዲዮውን ሳታዩት አልቀራችሁም። አንድ ሰው ቶርኖ ላይ የዳዶ ጥርስ ማውጫ ታፕ ያስርና ክብ ናስ ያስጠጋበታል። ናሱ በራሱ መዞር ይጀምራል፤ ወዲያው ጥርስ ያወጣል። በቃ፣ ላይክ ይዘንባል። እኔ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ጥርሱ ስንት ነው?

የሚሠራው ወርም ጊር ይባላል። ቡሎን የመሰለ ዘንግ ባለ ጥርሱን ጎማ ይነዳል፤ ዘንጉ አንድ ዙር ሲዞር ጎማው አንድ ጥርስ ብቻ ይራመዳል። ጎማው 40 ጥርስ ካለው፣ በደቂቃ 200 ጊዜ የሚዞር ሞተር ወደ 5 ዙር ይወርዳል፤ ፍጥነቱ ሲቀንስ ጉልበቱ ይጨምራል። የጊታር ክር መወጠሪያው ላይ ያለው እሱ ነው። ክሩ የቱንም ያህል ቢስብ ቁልፉን መልሶ አያዞረውም።

ይህን ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል፤ ግን በሒሳብ ነው። የተለመደው ባለ 6 ሚሊ ታፕ ከጥርስ ጥርስ ያለው ርቀት 1 ሚሊ ነው። 40 ጥርስ ከፈለጋችሁ ዙሪያው 40 ሚሊ ይሆናል፤ ለ3.14 ስታካፍሉት ዲያሜትሩ 12.7 ሚሊ ገደማ ይመጣል። ይህ ልኬት ግን የጥርሱ ወገብ ላይ ነው። ጫፉ ከዚያ ስለሚወጣ ናሱ ሲጀመር ትንሽ ሰፋ ማለት አለበት።

ጣጣው እዚህ ጋ ነው። ታፑ መጀመሪያ የሚነካው ሰፊውን ዙሪያ ስለሆነ 41 ወይም 42 ጥርስ ሊያወጣ ይችላል። አለበለዚያ የመጨረሻው ጥርስ የመጀመሪያው ላይ ይደረባል። መፍትሔው አሰልቺ ነው፦ ናሱን 40 ቦታ እኩል ከፍሎ በእያንዳንዱ ላይ በቅድሚያ ጎድጎድ ማውጣት። ከዚያ በኋላ የታፑ ሥራ ማጥራት ብቻ ይሆናል። ቪዲዮው ቆርጦ የሚጥለው ይህንኑ ነው፤ ሙያው ያለው ግን እዚያው ነው።

«ተሠርቶ ይገዛ የለም እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ልኩ ከተገኘ ግዙ፣ ይረክሳል። ግን ስንት ዕቃ ነው አንዲት ጥርስ ተሰብራ፣ ጥርሷም ለብቻዋ ስለማትሸጥ፣ ሙሉው የሚጣለው? እንዲህ ዓይነቱን የሚያድነው ለክቶ፣ ቆጥሮ የሚሠራ ሰው ነው። ልኩንም ይወቅ፤ በታፕ የወጣ ጥርስ ለቀላል ሥራ እንጂ ሰው ወይም ከባድ ዕቃ ለሚያነሳ ማሽን አይሆንም።

ቤቱ ቶርኖ ያለው ወጣት ጥቂት ነው፤ ሰፈሩ ውስጥ ቶርኖ ቤት የሌለው ግን ብዙ አይመስለኝም። ሂዱ፣ ባለሙያውን አስፈቅዳችሁ እጁን እዩ። ከማሽን በፊት ካሊፐር ግዙ፤ የተሰበረ ዕቃ ፈታችሁ ጥርሱን ቁጠሩ፣ ዲያሜትሩን ለኩ። ስልካችሁም አብሯችሁ ይሂድ። ስትቀርጹ ግን አሰልቺውን ክፍል አትቁረጡት፤ ቀጣዩ ልጅ የሚማረው ከእሱ ነው።