ብርድን ሰበብ ስለ ማድረግ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በዚህ ጽሑፍ ሌላውን ከመውቀሴ በፊት ራሴን እወቅሳለሁ፡፡

የምኖረው በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ግዛት፣ በሚኒያፖሊስ ከተማ ነው፡፡ የዚያ አገር ክረምት እንደ እኛ የዝናብ ወራት አይደለም፤ ሐይቁ የሚረጋበት፣ ምድሩ ለብዙ ወራት በረዶ ለብሶ የሚቈይበት ጊዜ ነው፡፡ እኔም አምስት ክረምት ሙሉ «ብርድ ይመታችኋል» እያልሁ ልጆቼን በቤት ዘጋሁባቸው፡፡ እነሱ በስልካቸው፣ እኔ በቴሌቪዥኔ፣ እናታቸው በወጥ ቤትዋ፣ በአንድ ጣራ ሥር ተለያይተን ከረምን፡፡

አንድ ቅዳሜ እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ወንዱ ልጄ እናቱን አስፈቅዶ፣ ከጎረቤት ቤተ ሰብ ጋር በቴዎዶር ዊርዝ መናፈሻ ኰረብታ ላይ በበረዶ ሲንሸራተት ዋለ፡፡ ማታ «ለምን አልነገርኸኝም?» ብዬ ብቈጣው፣ «አባዬ፣ አንተ አትመጣም ብዬ ነው» አለኝ፡፡ ይህ ቃል ከብርድ ይልቅ አጥንቴን ዘለቀው፡፡

ወገኖቼ ሰበብ መደርደር ያውቃሉ፡፡ «ጉንፋን ያሲዛል» ይላሉ፡፡ ጉንፋን የሚያሲዘው ግን ቫይረስ ነው፤ እርሱም ከሜዳ ይልቅ መስኮቱ በተዘጋ ቤት ከትንፋሽ ወደ ትንፋሽ ይተላለፋል፡፡ «የፈረንጅ ጨዋታ ነው» ይላሉ፡፡ አዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን፣ በ2010 በቫንኩቨር፣ በክረምት ኦሊምፒክ ስለ ኢትዮጵያ በበረዶ ሸርተቴ አልተወዳደረምን? አባቶቻችንስ በታኅሣሥ ቍር ገና ሲጫወቱ፣ ሩር ሲያሳድዱ በሜዳ ይውሉ አልነበረምን? «ገንዘብም ጊዜም የለንም» ይላሉ፡፡ ለኰረብታ አንድ ተራ የፕላስቲክ መንሸራተቻና አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል፡፡

ብርድ አይጎዳም አልልም፡፡ ያልተሸፈነ ቆዳ በጥቂት ደቂቃ የሚጎዳበት ቀን አለ፤ ያን ቀን ቤት መዋል አስተዋይነት ነው፡፡ በሐይቅ ላይ ለመራመድም፣ አዲስና ጥርት ያለው በረዶ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት እንዲኖረው የግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ይመክራል፡፡ ላብ ይዞ የሚቀረውን ጥጥ ትቶ ከውስጥ ሱፍ መልበስ፣ ልብስ መደራረብ፣ ጓንትና ቆብ አለመርሳት ይገባል፡፡ ነገር ግን ጥንቃቄ ሌላ፣ ስንፍና ሌላ፡፡

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ደግሞ ልጆቹን እስከ ኰረብታው አድርሶ፣ እርሱ በመኪናው ማሞቂያ ከፍቶ ስልኩን የሚነካካ አባት ነው፡፡ እንዲህ ያለው ሰው ሹፌር ሆነ እንጂ አባት አልሆነም፡፡ ልጅ ካደገ በኋላ የሚያስታውሰው አብሮት የወደቀውን ነው፡፡

በተከታዩ ቅዳሜ ሁላችንም ወጣን፡፡ እኔ ሦስት ጊዜ ወደቅሁ፤ ልጄ እጄን ይዞ አነሣኝ፤ ሚስቴ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፡፡ ማታ ሻይ ስንጠጣ ስልኩን ያነሣ አልነበረም፤ ሁሉም የአባቱን አወዳደቅ ያወራ ነበር፡፡

እንግዲህ ልጆች ሆይ፤ ወላጆቻችሁን «አይመጡም» ብላችሁ አትፍረዱባቸው፤ ጠይቋቸው፤ እጃቸውንም ይዛችሁ አውጧቸው፡፡ ነገ እናንተ ወላጅ ስትሆኑ ደግሞ፣ ልጃችሁ መጠየቅ እስኪተው ድረስ አትጠብቁ፡፡