ከመጠይቁ በኋላ፦ የተፈናቃዮች የአእምሮ ጤናና የተመራማሪው ግዴታ

በሰሜን ኢትዮጵያ ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የተካሄደው ጦርነት ሚሊዮኖችን ከቀያቸው አፈናቅሏል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ግምት መሠረት፣ ግጭት በደረሰባቸው አካባቢዎች ከሚኖሩ አምስት ሰዎች አንዱ የአእምሮ ሕመም አለበት። በተፈናቃዮች መጠለያ የሚካሄዱ የዳሰሳ ጥናቶች አስፈላጊነት እንግዲህ አያጠያይቅም፤ የሚያጠያይቀው ከመጠይቁ በኋላ የሚሆነው ነው።

የድብርት መለኪያ የሆነው ፒኤችኪው-9 በመጨረሻው ጥያቄው ሞትን ስለመመኘትና ራስን ስለመጉዳት ሐሳብ ይጠይቃል። «በየቀኑ ማለት ይቻላል» ብላ የመለሰች እናት፣ መልሷ ተመዝግቦ ወደ መጠለያዋ ብቻዋን ከተመለሰች፣ ጥናቱ ከእርሷ ወሰደ እንጂ የሰጣት ነገር የለም።

የባለሙያ እጥረት እውነት ቢሆንም በቂ ምክንያት አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተመው አጭር የሥነ ልቦና ድጋፍ መመሪያ፣ የሙያው ተመራቂ ያልሆኑ ሰዎች ሠልጥነውና ክትትል እየተደረገላቸው በአምስት ክፍለ ጊዜ እንዲሰጡት የተዘጋጀ ነው። ከተፈናቃዮቹ መካከል ያሉ መምህራንና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይህን ሊማሩት ይችላሉ። ሐዘን ግን በምክር ብቻ አይወጣም። ተፈናቃዩ ከቤቱ ጋር ዕድሩንም አጥቷል፤ መርዶ ሲደርሰው ለቅሶ የሚደርስለት ጎረቤት ተበትኗል። ስለዚህ ዕድር በመጠለያ እንደገና እንዲቋቋም መደገፍም የአእምሮ ጤና ሥራ ነው።

የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴዎች ለእያንዳንዱ ንድፈ ጥናት አንድ ጥያቄ ሊያቀርቡ ይገባል፦ ለአደጋ የተጋለጠውን መላሽ በዚያው ዕለት ማን ይቀበለዋል? ስሙና ቦታው የታወቀ ተቀባይ የሌለው ጥናት ፈቃድ ሊሰጠው አይገባም።