ካምቢዮው አንድ ጣት ሲቀረው

እናላችሁ… የጋዜጠኝነት ዲግሪ ይዤ ደምበጫ ላይ መርሰዲስ ሥር እገባለሁ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። መኪናዋ የአጎቴ ናት። 280 ኢ፣ አውቶማቲክ፣ ደብልዩ 123 ከሚባለው ከ1976 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ከተመረተው ዘር። በዕድሜ ትበልጠኛለች። (አጎቴ ከሁለታችን ማንን እንደሚወድ አትጠይቁኝ።)

ከካምቢዮው ፊት ለፊት ዘይት ታንጠባጥብ ነበር። አንድ ጋራዥ አወረዱት፤ የምታፈሰውን ጎማ ቀየሩ፤ መልሰው ሲገጥሙት ግን ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር አልገናኝ አለ። አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ቀረ።

«ቡሎኑ ራሱ ይስበዋል» አለ መካኒኩ። ቁልፉን አነሳና ዙሪያውን አጠበቀ። እውነትም ሳበው። ቀጥሎ ጧ! የሚል ድምፅ ሰማን። የዘይት ፓምፑ ተሰነጠቀ።

ልጁን ልሰድበው አልፈልግም፤ ጎበዝ ሠራተኛ ነው። በእጅ ማርሽ ላይ ያቺ የመጨረሻ ጣት የታወቀች ናት፤ የካምቢዮው ዘንግ ከፍሪሲዮኑ ጥርስ ጋር ሳይገጥም ሲቀር ነው። ወዝወዝ ሲያደርጉት ይገባል፤ በቡሎን ስቦ የተሳካለትም ሞልቷል። አውቶማቲክ ላይ ግን ፍሪሲዮን የለም። በቦታው ቶርክ ኮንቨርተር የሚባል፣ ሆዱ ዘይት የሞላበት ድፍን ብረት ተቀምጧል። ልጁ «ድስቷ» ነው የሚላት፤ እኔም ድስቷ ልበላት።

ድስቷ ካምቢዮው ውስጥ የምትቀመጠው በአንድ ጊዜ ገፍተው አይደለም። ቀስ እያሉ እያዞሩ ሲገፏት መጀመሪያ አንዱን ጥርስ ትይዛለች፤ ዝቅ ትላለች። ከዚያ ሁለተኛውን። የመጨረሻዋ፣ ብዙ ሰው የሚረሳት፣ የዘይት ፓምፑን የምታዞረው ናት። እሷን ሳትይዝ ከቀረች ድስቷ ወደ ውጭ ገፍታ ትቆማለች፤ ያቺ አንድ ጣት ክፍተት ማለት ይህቺው ናት። ቡሎን ስታጠብቁ ሞተሩ ድስቷን፣ ድስቷ ፓምፑን ይጫናል። በትክክል ስትገባ ግን ካምቢዮው በእጅ ግፊት ብቻ ከሞተሩ ጋር ይገናኛል፤ ድስቷም ጥቂት ሚሊሜትር ከቮላኖው ርቃ በነፃነት ትዞራለች። ለማወቅ የሚያስፈልገው ይህችው ናት። አንድ ገጽ አትሞላም። ታዲያ ይህቺ አንድ ገጽ በአማርኛ የት ነው ያለችው?

እስቲ ቃላቱን እዩ። ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ቮላኖ፣ ኩሽኔታ… ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ ከረዳት ወደ ረዳት ሲወርዱ ሲዋረዱ እኛው አማርኛ አድርገናቸዋል። ጎጃም ውስጥ የትም ጋራዥ ገብታችሁ ብትናገሯቸው ይገባችኋል፤ ማስረዳትም መከራከርም ትችላላችሁ። አውቶማቲኩ ግን ያለ ቃል ነው የገባው። ስም የሌለውን ነገር እንዴት አድርጎ አለቃ ለረዳቱ ያስተምራል? «ያንን ነገር እንዲህ አድርገው» እያለ? መጻሕፍቱ በእንግሊዝኛና በጀርመንኛ ናቸው። እኛ ደግሞ ጽሑፍ ተምረን ስንወጣ ስለ ፍቅርና ስለ ፖለቲካ እንጽፋለን። (ራሴንም ነው የምወቅሰው፤ ይቺን ጽሑፍ እስክጀምር ድረስ።)

«አውቶማቲክ የሀብታም ነው፤ ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። አዲስ አበባ ውስጥ አውቶማቲክ ቪትዝ የሚነዳውን የራይድ ሹፌር ሀብታም ነህ በሉት እስቲ! ለነገሩ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባቱን እሳት አደረገው፤ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው አውቶማቲክ ሁሉ እዚሁ ያረጃል፤ እዚሁም ይፈታል። መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት በሚከርምበት በእኛ ሰፈር አንድ ፓምፕ መስበር ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። የእኛው ከሶማሌ ተራ ተገዝቶ ደምበጫ እስኪደርስ ሳምንታት ፈጀ።

ሁለተኛው ገጠማ ላይ ከስልኬ እያነበብኩ እተረጉማለሁ፤ ልጁ ድስቷን እያዞረ ይገፋል። ሦስት ጊዜ ዝቅ አለች። ሦስተኛዋ ላይ ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ። ካምቢዮው ያለ ቡሎን ገባ።

አላለቀም ነበር። ተነስታ ስትሄድ ማርሽ በቀየረች ቁጥር ወገባችንን ትመታን ጀመር። አጎቴ «እንደገና ይፈታ!» አለ። ከመፍታት በፊት ቀላሉን እንይ ተባባልን፤ ከሞተሩ ወደ ካምቢዮው የምትሄደው ቀጭኗ የቫኪዩም ጎማ ሳትሰካ ቀርታ ተንጠልጥላ ተገኘች። ካምቢዮው የሞተሩን ሸክም የሚያውቀው በእሷ በኩል ነው፤ ስትቋረጥበት ሹፌሩ ነዳጁን እስከ መጨረሻው የረገጠው ይመስለውና በኃይል ይቀይራል። ሰካናት፤ ቅቤ ሆነች። ዘይቷንም ሞተሩ እየሠራ፣ ሙቅ ሆኖ፣ ማርሹ ፓርክ ላይ እያለ ለካን፤ ጠፍቶ ቢለካ ይዋሻል።

አሁን የቀረን ጭቅጭቅ አንድ ነው። አጎቴ «አንደኛ ማርሽ የላትም፣ ስትነሳ ትጎተታለች» ይላል። የዚያ ዘመን ብዙ የመርሰዲስ አውቶማቲኮች እስከ ወለሉ ካልተረገጡ በቀር በሁለተኛ ማርሽ ነው የሚነሱት፤ ሲሠሩም እንዲያ ናቸው። ነገርኩት። አላመነኝም። «አንቺ ጋዜጠኛ ነሽ እንጂ መካኒክ ነሽ እንዴ?» ብሎ ቅዳሜ ሊያስፈታት ቀጠሮ ይዟል። ልጁ ግን ደውሎልኛል፤ ቅዳሜ ጋራዡን አይከፍትም።