ከዚራ በሙሉ ይጠበቅ

የባቡሩ ሐዲድ መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር። ተራራው ወጪውን ሲያከብደው መስመሩ ግርጌው ላይ ቀረ፤ በ1895 ዓ.ም. ታኅሣሥ ከጅቡቲ የመጣው ባቡር ሜዳው ላይ ሲደርስ ድሬዳዋ ተቆረቆረች።

ከደቻቱ ወንዝ በስተምሥራቅ የመጋላ ሰፈር እንደ ገበያው አካሄድ ጥምዝምዝ እያለ ሲያድግ፣ በስተምዕራብ ያለውን የከዚራን ሰፈር ግን የባቡሩ ኩባንያ አስቀድሞ በፕላን ቀየሰው። ከባቡር ጣቢያው፣ ከለገሃር፣ የሚነሡት ቀጥ ያሉ ሰፋፊ መንገዶችና ግራ ቀኙን የያዙት ዛፎች የዚያ ቅየሳ ውጤት ናቸው። ፈረንሳዩም፣ ግሪኩም፣ አርመኑም እዚህ ኖሯል።

የከዚራን የድሮ ቤቶች ብልሃት ማወቅ የፈለገ ሰው ቀን ሰባት ሰዓት ላይ፣ ድሬ ሱቋን ዘግታ ጥላ ስትፈልግ፣ ወደ አንዱ ይግባ። በረንዳው ፀሐይዋን ከግድግዳው ያርቃል። ግድግዳው ወፍራም ነውና ሙቀቱ ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ይመሻል። ጣሪያው ከፍ ስላለ የሞቀው አየር ሽቅብ ይወጣል፤ የእንጨቱ መስኮት ርብራብ ደግሞ ብርሃኑን ከልክሎ ነፋሱን ያሳልፋል። ለዚህ ሁሉ መብራት አያስፈልግም። በዚያ ሙቀት በመስታወት የተለበጠ ፎቅ መገንባት ግን ነዋሪውን ዕድሜ ልኩን የኤሲ ሒሳብ ከፋይ ማድረግ ነው።

ቤቶቹ ያረጁት በዕድሜ ብቻ አይደለም። በ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሲወረስ ኪራዩ ረከሰ፤ ለተከራይ በጎ ነበር፣ ለጥገና ግን የሚተርፍ ገንዘብ አልነበረም። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ አዲሱ ባቡር የሚቆመው ከከተማው ወጣ ብሎ በተሠራ ጣቢያ ነው፤ ሰፈሩን የወለደው ለገሃር መንገደኛ አጣ።

ለገሃርን ብቻ ቀለም ቀብቶ «ቅርስ ጠበቅን» ማለት አያዋጣም። ጎረቤቷ ሐረር በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ ስትመዘገብ የገባው አንድ በር ወይም አንድ መስጊድ አልነበረም፤ በግንብ የታጠረው ጀጎል በሙሉ ነው። የከዚራም መንገዱ፣ ዛፉ፣ በረንዳውና ግቢው አንድ ላይ ካልተጠበቁ ትርጉም የላቸውም። አንዱ ዛፍ ሲቆረጥ የጎረቤቱ በረንዳ ይግላል።

ስለዚህ አስተዳደሩ የሰፈሩን የፎቅ ከፍታ ይወስን፤ በረንዳውን ሳይደፍን ውስጡን ለሚያድስ ነዋሪ ፈቃዱን ያፍጥን፤ አቅም ላጣው ብድር ያመቻች። በድሮው ምድር ባቡር ግቢ ውስጥ ወርክሾፕም አለ። ግንበኛና አናጺ ሠልጥኖበት ወደ እነዚሁ ቤቶች ጥገና ቢሰማራ ወጣቱም ሥራ ያገኛል።