መንትዮቹ አለቶችና ያልተዘጋው ሒሳብ

መስከረም 17 ቀን 2015 ዓ.ም. ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ14 ደቂቃ፣ የደመራው ፍም ገና ሙሉ በሙሉ ሳይከስም፣ ዳርት የተባለችው የናሳ መንኮራኩር ከምድር 11 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከነበረ አንድ አለት ጋር በሰከንድ 6.1 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ተላትማ ተሰባበረች። አለቱ ዲሞርፎስ ይባላል። ግጭቱም ድንገተኛ አደጋ ሳይሆን ሆን ተብሎ የተደረገ ሙከራ ነበር፤ ዓላማው ወደ ምድር የሚያመራ አስትሮይድ ቢገኝ ገፍቶ ከመንገዱ ማውጣት ይቻል እንደሆነ ማወቅ ነው። ሙከራው ተሳካ፤ አለቱም ምህዋሩን ለወጠ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰዎች፣ ተማሪዎቼም ጭምር፣ ከሰማይ የሚመጣው ስጋት መፍትሔ እንዳገኘ አድርገው ሲናገሩ እሰማለሁ። የእኔ አስተያየት ከዚህ ይለያል። ገፋን፤ ነገር ግን የገፋነው ነገር ምን ያህል እንደሚመዝን ሳናውቅ ነው የገፋነው። ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ከግጭቱ በፊት ስለ ጥንዶቹ አለቶች ማወቅ ያስፈልጋል።

ዲሞርፎስ ብቻውን የሚጓዝ አለት አይደለም። ዲዲሞስ የተባለ ታላቅ አለው፤ ዙሪያውንም ይዞረዋል። ዲዲሞስን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 11 ቀን 1996 ያገኘው በአሪዞና፣ ኪት ፒክ ተራራ ላይ ይሠራ የነበረው ጆ ሞንታኒ ነው። በአስትሮይዶች መዝገብ ቁጥሩ 65803 ሲሆን፣ ስሙ በግሪክኛ «መንታ» ማለት ነው፤ ወንጌልን የሚያነብ ሰው ዲዲሞስ የተባለውን ቶማስን ያስታውሳል። ፀሐይን በ770 ቀናት አንዴ ይዞራል። ምህዋሩ ሞላላ ነው፤ ለፀሐይ በጣም ሲቀርብ ከምድር ምህዋር በጥቂቱ ብቻ ይርቃል፤ በጣም ሲርቅ ደግሞ የማርስን ምህዋር አልፎ ከምድርና ከፀሐይ አማካይ ርቀት 2.27 እጥፍ ላይ ይደርሳል። በእኛ ላይ የደቀነው አደጋ የለም። ለሙከራ ከተመረጠበት ምክንያት አንዱም ይኸው ነው።

ዋናው ምክንያት ግን መንታነቱ ነው። አንድ ለብቻው የሚጓዝ አስትሮይድ በመንኮራኩር ቢመታ የሚደርስበት የፍጥነት ለውጥ እጅግ ትንሽ ስለሆነ፣ በፀሐይ ዙሪያ ያለውን መንገድ ለዓመታት መከታተል ግድ ይላል። ታናሹ ታላቁን በሰዓታት ውስጥ የሚዞር ከሆነ ግን ሰማይ ላይ የተሰቀለ የግድግዳ ሰዓት አገኘን ማለት ነው። ሰዓቱን ምቱት፤ ፈጠነ ወይስ ዘገየ ብላችሁ ተመልከቱ። ሐሳቡ በቀላልነቱ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

የሰዓቱን መኖር ያወቅነው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2003 ነው። ጥንዶቹ ያን ጊዜ ከምድር 7.2 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ያልፉ ነበር። በቴሌስኮፕ የሚታየው አንዲት የብርሃን ነጥብ ብቻ ነበረች፤ ሁለት አለት ማንም አላየም። ይሁን እንጂ የቼክ ሪፐብሊኩ ፔትር ፕራቬትስና ባልደረቦቹ የነጥቧን ብሩህነት ሌሊቱን ሙሉ ሲለኩ በመደበኛ ጊዜ ልዩነት ትንሽ እየደበዘዘች መልሳ እንደምትደምቅ አስተዋሉ። አንዱ አለት ሌላውን ሲጋርደው ወይም ጥላውን ሲያጠላበት የሚሆነው ይኸው ነው። በፖርቶ ሪኮ የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 የተደረመሰው የአሬሲቦ ራዳርም ሁለቱን ለይቶ አሳየ። የሰዓቱም ምት ተለካ፤ 11 ሰዓት ከ55 ደቂቃ።

እዚህ ላይ ወረቀትና እርሳስ አንሡ። በክፍል ውስጥ ለፈተና ሲባል ብቻ የሚሸመደደው የኬፕለር ሦስተኛ ሕግ በኒውተን አገላለጽ እንዲህ ይላል፦ በሁለቱ አካላት መካከል ያለውን ርቀት በኩብ አስሉና በ4π² አባዙት፤ ውጤቱን ለስበት ቋሚ ቁጥርና ለዙረቱ ጊዜ ስኩዌር ብዜት አካፍሉት፤ የምታገኙት የሁለቱን ድምር መጠነ ቁስ ነው። ርቀቱ 1,190 ሜትር፣ ጊዜው 42,900 ሰከንድ ነው። መልሱ 540 ቢሊዮን ኪሎ ግራም አካባቢ ይመጣል። ማንም እግሩን ያልጣለበትን ተራራ ከጠረጴዛችሁ ሳትነሡ መዘናችሁት ማለት ነው።

ሒሳቡ በዚህ አያበቃም። የዲዲሞስ ስፋት 760 ሜትር ያህል ነው። ይዘቱን አስልታችሁ መጠነ ቁሱን ለይዘቱ ብታካፍሉት እፍግታው ለአንድ ኩብ ሜትር 2,400 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። የሚያንጸባርቀው ብርሃን ሲተነተን ግን ዲዲሞስ በሲሊኬት ማዕድናት የተሞላ ድንጋያማ አስትሮይድ መሆኑን ያሳያል፤ የዚህ ዓይነት ድንጋይ ሜትዮራይት ሆኖ ምድር ላይ ሲወድቅ እፍግታው ከ3,300 ይበልጣል። የጎደለው ሩብ ያህል ወዴት ሄደ? ባዶ ቦታ ነው። ዲዲሞስ አንድ ወጥ ቋጥኝ ሳይሆን በገዛ ስበቱ ብቻ የተያያዘ የድንጋይ ክምር ሳይሆን አይቀርም። በዚያ ላይ በ2 ሰዓት ከ16 ደቂቃ አንዴ በራሱ ዛቢያ ይሽከረከራል። በዚህ እፍግታ የተከመረ ድንጋይ ከ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ቢሽከረከር ወገቡ ላይ ያለው ድንጋይ እየተነሣ መበተን ይጀምራል። እንግዲህ ዲዲሞስ የሚኖረው በገደል አፋፍ ላይ ነው። ታናሹ የተወለደውም ታላቁ በጥንት ዘመን እየፈጠነ ሄዶ ከወገቡ ላይ ከፈናጠራቸው ድንጋዮች ነው የሚለው ማብራሪያ ዛሬ በብዙዎች ዘንድ ተቀባይነት አለው።

ታናሹን በቅርብ ያየነው ዳርት ከመሰባበሯ በፊት በነበሩት የመጨረሻ ደቂቃዎች ብቻ ነው። ሊላተሙ ሁለት ሰከንድ ሲቀር የላከችው ሥዕል 31 ሜትር ስፋት ያለውን መሬት ያሳያል፤ ከዳር እስከ ዳር ድንጋይ በድንጋይ ነው። ብዙዎች ሞላላ ይሆናል ብለው የጠበቁት አለት እንደ ዳቦ ከላይና ከታች ጠፍጠፍ ብሎ ተገኘ፤ ስፋቱ 150 ሜትር ገደማ ነው። በታላቁ ዙሪያ የሚጓዘው በሰከንድ 17 ሳንቲ ሜትር ነው። ዳዴ የሚል ሕፃን ይቀድመዋል።

ከግጭቱ በኋላ ቴሌስኮፖች ሁሉ ወደዚያች ነጥብ ዞሩ። የግጭቱን ብልጭታና የተነሣውን አቧራ ከተመለከቱት መካከል በሬዩንዮን ደሴትና በጎረቤታችን ኬንያ የነበሩ፣ የመስተዋታቸው ስፋት 11 ሳንቲ ሜትር ብቻ የሆነ ትናንሽ ቴሌስኮፖች ይገኙበታል፤ ባለቤቶቻቸውም የሰማይ ወዳጆች እንጂ ባለሙያዎች አልነበሩም። በዚያች ሰዓት ዲዲሞስ በምሥራቅ አፍሪካ ሰማይ ላይ ነበር፤ አሜሪካና አውሮፓ የሌላቸው መስኮት ለእኛ ተከፍቶ ነበር ማለት ነው። የብርሃንን መደብዘዝ መቁጠር ደግሞ ትዕግሥትና ጥሩ ሰዓት እንጂ የቢሊዮን ብር መሣሪያ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። በእንጦጦ ላይ የተተከሉትን ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች የሚያስብ የፊዚክስ ተማሪ ይህን ልብ ቢለው መልካም ነው።

ሰዓቱ ምን አለ? 11 ሰዓት ከ22 ደቂቃ አካባቢ። ዙረቱ በ33 ደቂቃ አጠረ። ናሳ ሙከራው ተሳክቷል ለማለት አስቀድሞ ያስቀመጠው ዝቅተኛ መስፈርት 73 ሰከንድ ነበር።

ልዩነቱ ከየት መጣ? ዳርት 580 ኪሎ ግራም ያህል ትመዝን ነበር። ሞመንተሟን ለዲሞርፎስ የተገመተ መጠነ ቁስ፣ ማለትም ለ4.3 ቢሊዮን ኪሎ ግራም፣ ብናካፍለው የፍጥነቱ ለውጥ በሰከንድ 0.8 ሚሊ ሜትር ብቻ መሆን ነበረበት። የታየው ግን 2.7 ሚሊ ሜትር ነው። ትርፉ የመጣው ከግጭቱ ወደ ኋላ ከተፈናጠረው ድንጋይና አቧራ ነው፤ እንደ ሮኬት ጭስ ወደ አንድ ወገን ሲወረወር አለቱን ወደ ሌላው ወገን ገፋው። ስለዚህ የዳርት ግፊት ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ ይባላል።

«የተገመተ» ያልኩትን ልብ በሉ። የኬፕለር ሕግ የሚሰጠን የሁለቱን ድምር ነው፤ ከድምሩ ውስጥ ደግሞ 99 በመቶው የታላቁ ነው። የታናሹን ድርሻ ለብቻው የመዘነ አልነበረም። 4.3 ቢሊዮን የሚለው ቁጥር የተገኘው «የታናሹ እፍግታ ከታላቁ ጋር ይቀራረባል» ተብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱን ያሳተሙት ተመራማሪዎች ራሳቸው ይህን አልደበቁም፤ እፍግታው ዝቅ ካለ ግፊቱ የበዛው 2.2 ጊዜ፣ ከፍ ካለ ደግሞ 4.9 ጊዜ ሊሆን እንደሚችል ጽፈዋል። በውጭ አገር ለዶክትሬት ስማር አስተማሪያችን ከውጤታችን አስቀድሞ የሚጠይቀን የስሕተቱን ወሰን ነበር። በዚያ መስፈርት ስመዝነው፣ ዝቅተኛው ከከፍተኛው ከግማሽ በታች የሆነበት ቁጥር ተስፋ ሰጪ ጅምር እንጂ መሣሪያ አይደለም።

ይህ የፊዚክስ ሊቃውንት ቅንጦት አይምሰላችሁ። ዲሞርፎስን የሚያህል አለት ብቻውን ወደ ምድር ሲመጣ ከ10 ዓመት በፊት ታወቀ እንበል። በሰከንድ 2.7 ሚሊ ሜትር የተገፋ አለት በ10 ዓመት ውስጥ በቀጥታ ስሌት 850 ኪሎ ሜትር ያህል ይለያል፤ በፀሐይ ዙሪያ የሚወስድበት ጊዜም ስለሚለወጥ እውነተኛው ልዩነት ከዚህ በብዙ ሊበልጥ ይችላል። የምድር አጋማሽ ስፋት 6,400 ኪሎ ሜትር ነው። እንዲህ ባለ ሒሳብ ውስጥ የእጥፍ ስሕተት መሳትና መመታትን የሚለይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ሩሲያ ውስጥ በቼልያቢንስክ ሰማይ ላይ የፈነዳው አለት 20 ሜትር ገደማ ብቻ ነበር፤ ሆኖም ከፍንዳታው የተነሣ 1,500 ያህል ሰዎች ተጎድተዋል።

በመጀመሪያው ዕቅድ መሠረት አንዲት የአውሮፓ መንኮራኩር ቀድማ እዚያ ደርሳ አለቱን እየመዘነች ግጭቱን በቅርብ ልትመለከት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የአውሮፓ የሕዋ ድርጅት አባል አገሮች ሚኒስትሮች ለዚያች መንኮራኩር ገንዘብ ሳይመድቡላት ቀሩ። ዳርት የሄደችው በአንዲት ትንሽ የጣሊያን ሳተላይት ብቻ ታጅባ ነው፤ እርሷም ፎቶ እያነሣች አልፋ ሄደች። ገንዘብ ሲያጥር መለኪያው ይቀነሳል፤ መዶሻው ይቀራል። መዶሻ ዜና ይሆናል፣ ሚዛን ግን ዜና አይሆንም። በየቤተ ሙከራችንም የማየው ልማድ ስለሆነ አውሮፓውያኑን ብቻ መውቀስ አይገባም፤ ውሳኔው ግን ስሕተት ነበር እላለሁ።

ስሕተቱም በከፊል ታርሟል። እ.ኤ.አ. በ2019 ሄራ የተባለች ምትክ መንኮራኩር ተፈቅዳ ጥቅምት 7 ቀን 2024 ተወነጨፈች፤ በመጋቢት 2025 በማርስ አጠገብ አለፈች። የጉዞ ዕቅዷ ከዲዲሞስ የምትደርስበትን ጊዜ በ2026 መጨረሻ ላይ አድርጎታል። ከሁለቱ ትናንሽ ሳተላይቶቿ አንዷ የአለቱን ውስጥ በራዳር እንድትመረምር ተዘጋጅታለች። ታናሹን የምትመዝንበት ዘዴ ደግሞ ከኒውተን ሦስተኛ ሕግ የተቀዳ ነው። ታላቁ ታናሹን እንደሚስብ ሁሉ ታናሹም ታላቁን ይስባል፤ ስለዚህ ዲዲሞስም ቢሆን ዝም ብሎ አይቆምም፤ የሁለቱን የጋራ ማዕከል በመዞር ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። የዚህን ውዝዋዜ ስፋት የለካ የታናሹን መጠነ ቁስ አገኘ። ግምቱ ትክክል ከሆነ ዲዲሞስ ከማዕከሉ የሚርቀው 9 ሜትር ተኩል ያህል፣ ተከታትለው የቆሙ የሁለት ሚኒባስ ታክሲ ርዝመት ነው። 6 ሜትር ሆኖ ከተገኘ ታናሹ የታሰበውን ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ይመዝናል፤ ከሦስት እጥፍ በላይ የተባለውም ግፊት ወደ ሁለት እጥፍ ገደማ ይወርዳል።